ስፕሊት ኤሲ በራስ እጅ መግጠም፦ ባሕር ዳር ላይ የቫክዩም ጌጁ መርፌ ለምን 24 ላይ ይቆማል?

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ውስጥ ካለው ከሽምብጥ ሰፈር ነው። ጠያቂው 4 በ4 ሜትር ለሆነች የፎቅ ክፍል ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት እንደ ፍላጎቱ የሚቀያይር፣ ስፕሊት ኤሲ ገዝቷል፤ የሚያቀዘቅዝም የሚያሞቅም ነው፣ የማቀዝቀዣ ጋዙ አር 32። ግድግዳው ብሎኬት ሲሆን በውስጡና በውጪው ማሽን መካከል የሚዘረጋው የመዳብ ቱቦ 4 ሜትር ነው። ሦስት ነገር ጠየቀ። ሥራውን ተምሮ ራሱ ቢገጥመው ይሆናል ወይ? የትኛው መሣሪያ የግድ ነው? የቱቦውን አየርና እርጥበት ስቦ የሚያወጣ ቫክዩም ፓምፕ ከመከራየት ይልቅ ከማሽኑ ትንሽ ጋዝ ለቅቆ የቱቦውን አየር ገፍቶ ማስወጣትስ አይበቃም? ሦስተኛውን የጠየቀው ብዙ ቦታ እንደዚያ ሲደረግ ስላየ ነው። 26 መልሶች ተሰጡት። ከ13ኛው በኋላ ያለው ክፍል ባሕር ዳርም ሆነ ጎንደር ኤሲ ለሚገጥም ሁሉ ሊደርስ ይገባል ብዬ ስለማምን፣ ውይይቱን በቅደም ተከተሉ እነግራችኋለሁ።

1ኛው መልስ ጠያቂውን ወንድሜ ብሎ በትሕትና ይጀምራል። ሥራውን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ማንጠልጠሉ፣ የኤሌክትሪኩና የጋዙ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥንቁቅ ሰው መመሪያውን እያነበበ ይወጣቸዋል፤ ሦስተኛው ግን ከመገጣጠሙ በፊት በቁራጭ ቱቦ ላይ ልምምድ ይፈልጋል ይላል። የቱቦውን ርዝመትም አይቶ 4 ሜትር ጥሩ ነው ብሏል፤ ከ3 ሜትር ሲያጥር ንዝረትና ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አምራቹ ጋዝ ከሞላበት ርዝመት ሲያልፍ ደግሞ በሚዛን እየተመዘነ ጋዝ መጨመር አለበት።

2ኛው ከርዕሱ ወጣ ብሎ ባሕር ዳር ላይ ኤሲ ለምን ያስፈልጋል ይላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ቤቱን የሚያነደው ቆርቆሮው ስለሆነ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያመላልስ ቀዳዳ በሁለቱም ጎን ከፍቶ፣ ኮርኒሱ ላይ ሙቀት መከላከያ አንጥፎ፣ 70 ዋት ገደማ የምትበላ የጣሪያ ቬንቲሌተር ቢሰቅል ይበቃዋል ባይ ነው። ስለ ጣሪያው ያለው እውነት ነው፤ ኤሲ ቢገጠምም ባይገጠምም መጀመሪያ መሠራት ያለበት እሱ ነው። ነገር ግን በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድ፣ ቬንቲሌተር ደግሞ እንደማያሞቅ 5ኛው አስታውሶታል።

3ኛው ጋዝ ለቅቆ አየሩን መግፋት በቂ ነው አለ። አሠራሩንም ዘረዘረ፦ የቀጭኑን ቱቦ ቫልቭ ትንሽ መክፈት፣ የወፍራሙን ዳዶ ማላላት፣ ለ10 ሰከንድ ያህል እንዲነፍስ መተው፣ ማጥበቅ። በዚህ መንገድ ተገጥመው ዓመታት ያገለገሉ ማሽኖች አሉ ሲል ይከራከራል።

የውይይቱ ድምፅ ከዚህ በኋላ ተለወጠ። 4ኛው የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ መሆኑ ከቃላቱ ያስታውቃል፤ 3ኛውን ሳያባብል ነው የገጠመው። የዚህ ማሽን ሙሉ ጋዝ ከ1 ኪሎ በታች ነው፤ በግምት የለቀቁት ጋዝ ቆይቶ የማቀዝቀዝ አቅሙን ይነሳል። አር 32 ደግሞ በቀላሉም ባይሆን የሚቀጣጠል ጋዝ ነው፤ የቡና ከሰል በተያያዘበት ቤት አጠገብ የሚለቀቅ አይደለም። አየር ላይ ሲለቀቅ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 675 እጥፍ ምድርን ያሞቃል። ከሁሉ የከፋው ግን እርጥበቱ ነው፤ የሚነፍስ ጋዝ አየሩን እንጂ የቱቦውን ግድግዳ የያዘውን ውሃ አያወጣም።

5ኛው ለዚሁ ምክንያቱን ጨመረ። አር 32 እና አር 410ኤ የሚጠቀሙት ሰው ሠራሽ የኮምፕረሰር ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ከውሃ ጋር ሲቆይ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ የሞተሩን ሽቦ ሽፋን ይበላል። ጉዳቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ብቅ ስለሚል ገጣሚው ላይ ጣት የሚቀስር አይኖርም። 3ኛው በ6ኛው ተመልሶ ልምዱ በአር 22 ማሽኖች ላይ እንደነበር አመነ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የድሮው ጋዝ ከማዕድን ዘይት ጋር ይሠራ ስለነበር ጥቂት እርጥበት ይችል ነበር፣ የአሁኑ አይችልም።

7ኛው ስለ ግድግዳው ጻፈ። የውጪው ማሽን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ይንቀጠቀጣልም፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር ከጊዜ በኋላ እየላላ ይወጣል። ብራኬቱ የኮንክሪት ዓምድ ወይም ማሰሪያ ላይ ቢያርፍ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ግድግዳውን አልፎ ከውስጥ በኩል በሰፊ ላሜራ የሚታሰር ረጅም ብሎን ይደረጋል። ከማሽኑ ኋላ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊቱ 60 ሴንቲ ሜትር ክፍት መሆን አለበት። የግድግዳው ቀዳዳ 65 ወይም 70 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ውጭ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያዘነብላል። የውስጡ ማሽን ግን በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ መሰቀል አለበት። ሐይቁ ብረቱን ያዝገዋል ወይ ብሎ ለጠየቀም ጣና ጨዋማ አይደለም፣ ለባሕር ዳርቻ የሚሸጠውን ልዩ ሽፋን መግዛት አያስፈልግም ብሎ መልሷል።

8ኛው የውይይቱ ምርጥ መልስ ነው፤ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ፍሌር፣ ማለትም ዳዶው እንዲይዘው ስለሚሰፋው የቱቦ አፍ ነው። ቱቦው የሚቆረጠው በቱቦ መቁረጫ ነው፤ የብረት መጋዝ ብናኝ ውስጥ ገብቶ ሄዶ ሄዶ የማስፋፊያውን ቫልቭ ይደፍናል። ከተቆረጠ በኋላ አፉ ወደ መሬት ተደፍቶ የውስጡ ሹል ጠርዝ ይፋቃል፣ ፍቅፋቂውም ወደ ታች ይረግፋል። ቀጥሎ ዳዶው ይገባል፤ ይህ ተረስቶ የተሠራ ፍሌር ተቆርጦ እንደገና መሠራቱ አይቀርም። በተለመደው መሣሪያ ቱቦው ከመያዣው በላይ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ለአዳዲሶቹ ጋዞች በተሠራው ባለ ክላች መሣሪያ ከ0.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ተሠርቶ ሲያልቅ የአፉ ወርድ ለቀጭኑ የ1/4 ኢንች ቱቦ ከ8.7 እስከ 9.1፣ ለወፍራሙ የ3/8 ደግሞ ከ12.8 እስከ 13.2 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ በካሊፐር ይለካ። ካነሰ ዳዶው የሚይዘው ከንፈር ያንሳል፣ ከበለጠ ዳዶው እየፋቀ ይሰነጥቀዋል። ፊቱ ላይ ጭረት ካለ ተቆርጦ ይጣል። አንዲት ጠብታ የኮምፕረሰር ዘይት ትቀባለች፤ ቴፍሎንም ሆነ ማጣበቂያ በፍጹም አይገባም። መጀመሪያ በጣት እስከሚቆም ይጠብቃል፣ ከዚያ በሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ይዞ ሌላው እያዞረ። የማጥበቂያው ኃይል ልክ ለ1/4 ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ ለ3/8 ከ33 እስከ 42 ነው።

9ኛው 8ኛውን አመስግኖ አንድ ነገር አረመ። 8ኛው በመጨረሻ ሁለቱ ቱቦዎች በአንድ መከላከያ ቢታሸጉ ይበቃል ብሎ ነበር። በስፕሊት ኤሲ ማስፋፊያው ያለው በውጪው ማሽን ውስጥ ስለሆነ ሲያቀዘቅዝ ሁለቱም ቱቦዎች ቀዝቃዛ ናቸው፤ ሁለቱም ያልባሉ። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መከላከያ መሸፈን አለባቸው፣ ዳዶዎቹም ጭምር፤ ዳዶዎቹ የሚሸፈኑት ግን የፍሳሽ ፍተሻው ካለቀ በኋላ ነው። ያለዚያ በክረምት ውሃው ግድግዳው ውስጥ ይንጠባጠብና ልስኑ ያብጣል።

ከ10ኛው እስከ 12ኛው ኤሌክትሪክ ነው። ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ 16 አምፔር ብሬከር፤ ዲቫይደር አይታሰብም። በሁለቱ ማሽኖች መካከል የሚሄደው 4 ሽቦ ያለው ገመድ ሳይቀጠል አንድ ወጥ መሆን አለበት፣ ቁጥሮቹም በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት፤ የመልእክቱ ሽቦ ከተዛወረ ማሽኑ የስህተት ቁጥር አሳይቶ ይቆማል። 11ኛው ስታቢላይዘር የግድ ነው ሲል 12ኛው ተቃወመ። ኢንቨርተር ኮምፕረሰር ቀስ ብሎ ስለሚነሳ የሚፈራው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ጉልበት ነው፤ ለዚህ ቮልቴጅ ሲዛባ የሚቆርጥና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ የሚመልስ መከላከያ ይሻላል። ስታቢላይዘር የሚያስፈልገው ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት በመልቲሜትር ተለክቶ ቮልቴጁ ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ በታች ሲቆይ ነው። እኔም ከ12ኛው ጋር ነኝ። አርዱን ግን ሁለቱም አጥብቀው ተናግረዋል፤ የምድር ሽቦው ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይገናኝ፣ ከኒውትራል ጋር አይጠላለፍ።

13ኛው ላይ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ማሽኖቹን ሰቅሏል፣ ፍሌሩን ሠርቷል፣ ፍሳሽ ለመፈተሽ በደረቅ ናይትሮጅን 350 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሞልቶ አሳድሯል። ንጋት ላይ 338 ሆኖ አገኘው፣ እኩለ ቀን ላይ ወደ 349 ተመለሰ። ደግ አድርጎ ጽፎታል፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል ሲወርድ የታሸገ ጋዝ ግፊት 12 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል፣ ሲሞቅ ይመለሳል፤ ፍሳሽ ቢሆን ኖሮ አይመለስም ነበር። ጭንቀቱ ቀጥሎ ነው። ናይትሮጅኑን ለቅቆ ቫክዩም ፓምፑን አንድ ሰዓት አስኬደ፤ የጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ መርፌ 24 ኢንች ሜርኩሪ ላይ ቆሞ ንቅንቅ አላለም። መመሪያው ግን ወደ 30 ይድረስ ይላል።

14ኛው ፍሌሩ ያፈሳል፣ ሁሉንም ቆርጠህ ሥራ አለው። 15ኛው ፓምፑ አርጅቷል፣ ዘይቱ ወተት መስሎ ከሆነ እርጥበት ጠጥቷልና ቀይረው አለ፤ ይህ በራሱ ጥሩ ምክር ነው። 16ኛው የ14ኛውን ጥድፊያ ተቃወመ፤ 350 ፒኤስአይ ይዞ ያደረ ፍሌር በቫክዩም እንዴት ያፈሳል? ሌላ ጥርጣሬም አመጣ። የአር 32 ማሽን የጌጅ መግቢያ 5/16 ኢንች ስለሆነ ከድሮ ጌጅ ጋር የሚገናኘው በአዳፕተር ነው፤ የአዳፕተሩ መርፌ የቫልቩን ልብ ካልጫነ ፓምፑ የሚስበው ጎማውን ብቻ ነው። ምልክቱም መርፌው በሁለትና ሦስት ሰከንድ ውስጥ ታች መድረሱ ነው። ጠያቂው ቀስ ብሎ ነው የወረደው ሲል መለሰ።

17ኛው ቋጠሮውን ፈታው። ጌጁ የሚለካው በቱቦው ውስጥና በአካባቢው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ራሱ 24 ኢንች ሜርኩሪ፣ በሌላ መለኪያ 815 ሚሊባር ያህል ነው። ጅቡቲ ላይ 30 የሚያሳይ ፍጹም ባዶነት እዚህ 24 ያሳያል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 22 ተኩል ገደማ። ስለዚህ የጠያቂው መርፌ የሚወርድበት ሌላ ቦታ የለውም። መመሪያው የተጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው።

18ኛው አልተዋጠለትም። ስልኩ ላይ የአየር ትንበያው 1,016 ሚሊባር እንደሚል አስረጂ አቀረበ። የ19ኛው መልስ ጠንከር ያለ ነበር፤ ሳያጣሩ ሰው ማሳሳት ነው ብሎታል። አነጋገሩ ባይወደድም ፍሬ ነገሩ ትክክል ነው፦ ትንበያዎች ከተማን ከከተማ ለማወዳደር ሲሉ ግፊቱን ወደ ባሕር ጠለል ቀይረው ነው የሚጽፉት። ባሮሜትር ያለው ስልክ ሐይቁ ዳር ላይ ተይዞ ጥሬው ንባብ ቢታይ 815 አካባቢ ይሆናል።

20ኛው ክርክር የማያስፈልገው ፈተና ሰጠ። ጌጁን ከማሽኑ ፈትቶ ፓምፑ አፍ ላይ ብቻ ማሰርና ማስነሳት። መርፌው እዚያም 24 ላይ ከቆመ ቁጥሩ የከፍታው ነው። ብቻውን 24 ደርሶ ከማሽኑ ጋር ሲታሰር 20 ላይ ከቀረ ግን ፍሳሽ አለ፤ ብቻውንም 20 ከሆነ ችግሩ ፓምፑ ወይም ጎማው ላይ ነው። ፈተናው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ጠያቂው 14ኛውን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ አራት ደህና ፍሌር ቆርጦ ይጥል ነበር።

21ኛው ግን ሁሉንም አቀዘቀዘ፣ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩትም እሱን ነው። መርፌው 24 መድረሱ ቱቦው ደርቋል ማለት አይደለም። ውሃ በ25 ዲግሪ ሙቀት የሚፈላው ግፊቱ ወደ 23,800 ማይክሮን (እጅግ ዝቅተኛ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ሲወርድ ነው፤ ይህ በጌጁ ላይ ከመጨረሻው ነጥብ አንድ ኢንች እንኳ አይርቅም። የሚፈለገው 500 ማይክሮን ነው፤ እርጥብና ደረቅ ቱቦን በመርፌ ውፍረት መለየት አይቻልም። ማይክሮን ጌጅ ፍጹሙን ግፊት ስለሚለካ ከፍታ አያታልለውም፤ መከራየት የሚገባው እሱ ነው። ፓምፑ ተዘግቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፦ ቁጥሩ ጥቂት ወጥቶ ከቆመ ደህና ነው፣ ወደ ሺዎች ወጥቶ ከረጋ እርጥበት ቀርቷል፣ ሳያቋርጥ ከወጣ ያፈሳል። ማይክሮን ጌጅ ካልተገኘ ሦስት ጊዜ መሳብ ነው፤ በየመካከሉ ደረቅ ናይትሮጅን ከአየሩ ግፊት ትንሽ እስኪያልፍ ሞልቶ መልቀቅ። በናይትሮጅን ፋንታ የገባ ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል።

22ኛው ላይ 4ኛው ባለሙያ ተመለሰና በግልጽ ተቆጣ። አማተር ያበላሸው ማሽን ኮምፕረሰሩ ከተቃጠለ በኋላ ወደ ባለሙያ ይመጣል፣ ዋስትናውም ይፈርሳል አለ። 23ኛው በእኩል ቁጣ፣ ባለሙያዎቹ ሁሉ ናይትሮጅንና ቫክዩም ፓምፕ ይዘው ቢመጡ ይህ ጥያቄ መች ይነሳ ነበር ሲል መለሰ። ሁለቱም እውነት አላቸው። የዋስትናው ነገር ከመግዛት በፊት ይጠየቅ። ባለሙያ የሚቀጥር ሰውም ዋጋ ከመስማማቱ በፊት ናይትሮጅን ይዘህ ትመጣለህ ወይ፣ ቫክዩሙ ስንት ደቂቃ ይሄዳል፣ ማይክሮኑን ታሳየኛለህ ወይ ብሎ ይጠይቅ። በእነዚህ የሚናደድ ገጣሚ ሌላ ቤት ይግጠም።

በ24ኛው ጠያቂው ውጤቱን አሳወቀ። የ20ኛውን ፈተና ሠርቶ ፓምፑ ብቻውን 24 አሳየው። ማይክሮን ጌጅ አግኝቶ 420 አወረደ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ 480 ላይ ቆመ። የቀጭኑን ቱቦ ቫልቭ በአለን ቁልፍ ሩብ ዙር ለ10 ሰከንድ ከፍቶ ዘጋው፣ ዳዶዎቹን በሳሙና አረፋ ፈተሸ፣ ከዚያ ሁለቱንም እስከ ጥጋቸው ከፈተ። ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ የሚገባው አየር 28፣ የሚወጣው 15 ዲግሪ ሆነ፤ ጥሩ ልዩነት ነው።

25ኛው ስለ አያያዝ ነው። የውሃ መውረጃው በሜትር ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ያዝቅዝቅ፣ ጫፉ ባልዲ ውሃ ውስጥ አይጥለቅ፣ ነፍሳት እንዳይገቡበት ወንፊት ይታሰርበት። ሐይቁ ዳር ማታ መብራት የሚከበው ትንኝ፣ ዕጣኑና የቡና ቁላው ጭስ ተደምረው ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍኑታልና በየሁለት ሳምንቱ በለብ ያለ ውሃ ይታጠብ፣ በጥላ ይድረቅ።

26ኛው ከደብረ ታቦር ባለ 18,000 ቢቲዩ ሊገጥም ያሰበ ሰው ነው፤ እስካሁን የመለሰለት ስለሌለ እኔ ልመልስለት። ወፍራሙ ቱቦህ 1/2 ኢንች ከሆነ የፍሌሩ ወርድ ከ16.2 እስከ 16.6 ሚሊ ሜትር፣ ማጥበቂያው ከ50 እስከ 62 ኒውተን ሜትር ነው። ብሬከሩን ማሽኑ ላይ ከተጻፈው አምፔር ጋር አስተያይ፤ ብዙ ጊዜ 20 ይሆናል። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ስለምትጠጋ መርፌህ 21 ተኩል አካባቢ ይቆማል፤ መጀመሪያ ፓምፑ ላይ ብቻውን ሞክረውና የቆመበትን ቁጥር በማርከር ጌጁ ላይ ምልክት አድርግበት።